መቶ ሰማንያ ሁለት ቀን

ኤፕሪል 17፣ 2009፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የሰጠው የበድረዲን የጉልበት ሐኪም ነው። «ሕመምህን በየቀኑ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ እየሰጠህ ጻፍ» ብሎት ነበር። ባለቤቴ ሁለት ቀን ጻፈና ተወው። ታክሲ የሚነዳ ሰው ስለ ጉልበቱ የሚጽፍበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እኔ ከኋላ በኩል ጀምሬ ወረስኩት።

ዛሬ ስቅለት ነው፤ የንግስት በዓል። ስለዚህ ሁለት ሺፍት ሠርቼ እግሬ አብጧል። ንግስትና እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ትምህርት ቤት ኪችን ውስጥ ነን። ምግቡ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣልን። ማሞቅ፣ ማደል፣ ማጠብ ነው ሥራችን። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ አራት ተኩል ቁርሱ የኔ፣ ከአራት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ምሳው የሷ።

አምስት ዓመት ሙሉ ያልተጻፈ ደንብ አለን። የኔ ዒድ ሲሆን እሷ ቀኑን ሙሉ ትውላለች፤ በጠዋቱ የሰዓት ወረቀት ላይ የኔን ስም ትፈርማለች። የሷ ገናና ስቅለት ሲሆን እኔ እውላለሁ፤ የሷን ስም እፈርማለሁ። ማናችንም ቀሪ አንባልም። ኃላፊያችን ሚስ ዶሎሬስ ሦስት ትምህርት ቤት ስለምትዞር እኛ ጋ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በዓሎቻችንን አታውቅም። እኛም አልነገርናትም።

የንግስትን ፊርማ ከራሴ ይልቅ አሳምሬ እፈርማለሁ። ያቺን ረጅም ጭራ እንኳ አልስታትም። ጁምዓ ሶላት አመለጠኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ለሰው ብዬ ነው።

ኤፕሪል 20፣ ሰኞ

ንግስት ከፋሲካዋ ድፎ ዳቦ አመጣችልኝ። እንዳስለመደችው ከሥጋው ጋር ሳታነካካ፣ ለብቻው በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር ዓይሹ» አለች። ግን ዓይኗ ወደ በሩ ነው። ደክሟት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ጾማ።

ልወጣ ስል ሚስ ዶሎሬስ ገባች። ሰሌዳው ላይ የሆነ ወረቀት እየለጠፈች በእንግሊዝኛ «ንግስት እኮ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም!» አለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ንግስትን ልጠቅሳት ዞር አልኩ፤ አላየችኝም። የወተት ካርቶን ትቆጥር ነበር።

ኤፕሪል 28

በጥድፊያ። የጉልበቱ ቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠ፤ ጁላይ 14። አልሐምዱሊላህ። ኢንሹራንሱ በኔ በኩል ስለሆነ የምንከፍለው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ እንዳይቋረጥ በሜይና በጁን እጥፍ ይቆርጡብኛል። ይቁረጡ። አውቶቡሱ መጣ።

ሜይ 8፣ ዓርብ

ደብዳቤ መጣ። ልጄ ሱሀይላ አነበበችልኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ ግን እንግሊዝኛ ነው።

ከመጪው ኦገስት ጀምሮ የጠዋቱና የቀትሩ ሺፍት አንድ ይሆናል። የሰባት ሰዓት ሥራ፤ ለአንድ ሰው። «በሴፕቴምበሩ ስብሰባ እንደተገለጸው» ሥራው የሚሰጠው የተሟላ የሥራ ቀን ላላት ነው። የሌላዋ ሥራ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያበቃል። ኢንሹራንሷ ጁን 30 ላይ ይቆማል፤ ለጁላይና ለኦገስት ቀድሞ የተቆረጠባት ይመለስላታል።

የምን ስብሰባ ነው? እኔ ምንም ስብሰባ አላስታውስም።

ከሥር ሂሳቤ አለ። የኛ ደመወዝ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚከፈተው መቶ ሰማንያ አራት ቀን ነው። በቀን አራት ሰዓት፣ በሰዓት አሥራ ሁለት ከሃምሳ። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ይመጣል። እሱን ለሃያ አራት ያካፍሉና፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እኩል ቼክ ይሰጡናል። በሰመር ዝግ ቢሆንም ቼኩ አይቀርም። ደስ ይላል። ክፋቱ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ምን እንደጎደለብሽ አታውቂም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ነው። ከእንግዲህ አንድም ቀን ባልቀር እንኳ መቶ ሰማንያ ሁለት ቀን ነው የሚሞላልኝ ይላል።

«ማም፣ ቱ ዴይስ ሚሲንግ» አለች ሱሀይላ።

እኔ? በየካቲቱ ትኩሳት እንኳ ጓንቴን አድርጌ ወተት አድያለሁ!

ሜይ 9

ሌሊቱን አሰብኩት። ኮምፒውተር ተሳስቷል። ሰው ላይ ማላከክ ደግ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር በአእምሮዬ ሽው ብሎ ነበር፤ ወዲያው አውዙ ቢላህ አልኩ። ከሷ ጋር እኮ አንድ ሳህን ስንካፈል ኖረናል። ላንግሊ ፓርክ ቤቷ ቧንቧ የፈነዳ ጊዜ ከነልጇ ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ነው የተኙት።

ሰኞ ስለ ስብሰባው እጠይቃታለሁ። እሷ እንደምንም ታስታውሳለች።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

ትናንት አልቻልኩም፤ እንደወትሮዋ ቀድማ ሳይሆን ዘግይታ መጣች፣ አውቶቡሴም ደረሰ። ዛሬ ጠበቅኳት።

«ንግስት፣ የሴፕቴምበር ስብሰባ የሚሉት ምንድን ነው?»

«እኔንጃ። ስንት ሚቲንግ አለ፤ ማን ያስታውሳል?»

«ሁለት ቀን ጎደለሽ አሉኝ።»

የፀጉር መረቧን እያጠለቀች «ሲስተሙ ይሆናል» አለች። «ባለፈው ሪትማን የሚሏትን፣ የዚያኛውን ትምህርት ቤት፣ እንዲሁ አድርገዋታል።»

«ኦፊስ ሄጄ ልጠይቅ ነው።»

ያኔ እጄን ያዘችኝ። «ዓይሹ ሙች፣ እንዳታደርጊው! ወረቀቱን አውጥተው ማየት ከጀመሩ እኮ አብረን ነው የምንጠፋው። የተፈራረምነውን ሁሉ ያዩታል። ለኔ ብለሽ ሳይሆን ለጋሼ በድረዲን ስትዪ።»

እውነቷን ነው። ስለ ባለቤቴ ከኔ ይልቅ እሷ አሰበች። ወደ ቤት ስመለስ ሆዴ ባባ።

ግን አንድ ነገር ገረመኝ። እሷም ደብዳቤው ደርሷት መሆን አለበት። የሷ ስንት ቀን እንደሚል አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሜይ 20

ሦስት ጊዜ ኮል አደረግኩላት። አታነሳም። ታማ ይሆናል ብዬ በልጇ ስልክ ሞከርኩ። ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ነው ልጇ። «ማሚ ደህና ናት፣ አንቲ» አለኝ። «እንዲያውም ሺ ኢዝ ሶ ሃፒ፣ ፉል ታይም ልትሆን ነው አይደል?»

ልጅ ነው። ገና ያልተወሰነውን።

ሜይ 22

በድረዲን ዛሬ ከኤርፖርት ሁለት ሻንጣ ያለው ሰው ጭኖ፣ ሻንጣውን ሲያወርድ ጉልበቱ ከዳው። ሰውዬው ነው ደግፎ ያነሳው። ቲፕ ሰጠኝ ብሎ ይስቃል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ጁላይ 14ን በቀይ ከበብኳት።

ኢንሹራንሱ ቢቆምና በራሴ ልቀጥል ብል ስንት ይሆናል ብዬ ደውዬ ነበር። በወር ስምንት መቶ ሰባ ዶላር። የወር ደመወዜ ሁለቱ ቼክ ተደምሮ ሰባት መቶ ስድሳ ስድስት ነው። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ሌላ ጥያቄ አለሽ ወይ አለችኝ።

ኦፊስ እሄዳለሁ። ምን አባቱ፤ የመጣው ይምጣ።

ሜይ 27፣ ረቡዕ

ሥራዬን ጨርሼ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። የቀጠረን ድርጅት ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ቢጫውን ባቡር ይዤ ወንዙን ስሻገር ቁልሁወላህን ስደግም ነበር። የምፈራው መያዝን ነበር። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

አንዲት ደርበብ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ተቀበለችኝ። «ቀኖቹን ላሳይሽ» ብላ የሰዓት ወረቀቱን ቅጂ ከፋይል አወጣች። ሁለቱን ቀን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ።

ሴፕቴምበር 30። ዲሴምበር 8።

የረመዳን ዒድና የዐረፋ ዒድ።

በጠዋቱ መስመር ላይ የኔ ስም ተሰርዟል። «ቀርታለች» ይላል። አጠገቡ «ተተኪ» ይልና ፊርማ አለ። ባዶ ትታው ቢሆን ረስታ ነው እል ነበር። ፊርማው ረጅም ጭራ አለው። እኔ የምፈርመው አይደለም፤ እውነተኛው ነው። አምስት ዓመት ስቀዳው ኖሬ አላውቀውም?

«ጓደኛሽ ሐቀኛ ናት» አለችኝ ሴትዮዋ። «ብዙ ሰው እርስ በርስ እየተፈራረመ ይሸፋፍናል። እሷ ግን ትክክለኛውን ነው የጻፈችው።»

ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር፤ የስብሰባ ስም ዝርዝር። ሚስ ዶሎሬስ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሺፍት እንደሚታጠፍና ሥራው ቀን ላልጎደለባት እንደሚሰጥ የተናገረችው ሴፕቴምበር 30 ጠዋት ነው። በዒዴ ቀን። እኔ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች መስጊድ ከነልጄ አዲስ ልብስ ለብሼ ስሰግድ፣ ንግስት እኔን ተክታ ሰምታለች። ሰምታ ፈርማለች።

ከዚያ በኋላ ገና መጣ። ቀኑን ሙሉ ዋልኩላት። ስቅለት መጣ። ዋልኩላት። ያን ሁሉ ጊዜ ታውቃለች!

ሴትዮዋ «ሌላ የምትይው አለ?» አለችኝ። አለኝ። ጃንዋሪ 7ንና ኤፕሪል 17ን አውጪና እዪ ማለት ይቻለኛል። ያ የንግስት እጅ አይደለም ማለት ይቻለኛል። ሁለታችንም እኮ ሁለት ሁለት ቀን ነው የቀረነው፤ እኩል ነን። ግን ያን ስናገር የሌላ ሰው ስም የፈረመችው ማን ናት? እሷ የጻፈችው እውነት ነው። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ያባርሩኛል፤ ኢንሹራንሱም ጁን 30 እንኳ አይደርስም።

«የለኝም» አልኩ። አመሰገንኳት። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳት!

ያው ቀን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለ። ለበድረዲን ሥራው መታጠፉን፣ ለንግስት መድረሱን ነገርኩት። ሌላውን አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ስላፈርኩ ነው። የተከዳሁት እኔ፣ ያፈርኩትም እኔ።

እሱ ምን አለ? «እንኳን ለሷ ሆነ። ለማታውቂው ሰው ከሚሆን።» ከዚያ ጉልበቱን እያሻሸ «ቀዶ ጥገናው አይሮጥም፤ ሌላ ጊዜ ይደርሳል» አለ።

አንጀቴ አረረ። ግድግዳውን ብመታው ደስ ባለኝ። እንዴት ሰው በሴፕቴምበር ያወቀውን እስከ ሜይ አፉን ዘግቶ፣ ዳቦ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣል? «ለጋሼ በድረዲን ስትዪ» ስትለኝ እጄን ይዛ ነበር። ያ እጅ እስካሁን ይሰማኛል።

ራሴንም እጠላዋለሁ። ቂል ነኝ። ሰሌዳው አጠገብ ስቄያለሁ እኮ።

ጁን 3፣ ረቡዕ

አራት ተኩል ላይ አልወጣሁም። ከኋላ፣ የጭነት መኪናው የሚቆምበት በር ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ ገባት።

«አሌክሳንድሪያ ሄድሽ» አለች።

«ሄድኩ።»

«ሴፕቴምበር ዶሎሬስ ድንገት መጣች ዓይሻ። ፊቴ ላይ ቆማ ‹ዓይሻ የታለች?› አለችኝ። ምን ልበላት? ወረቀቱን እያየች እንዴት ያንቺን ስም ልፈርም?»

«እሺ። ዲሴምበርስ?»

ጓንቷን ከኪሷ አወጣች።

«ዲሴምበር ማን ቆሞብሽ ነበር?»

«ልጄ ሦስተኛ ዓመት ነው» አለች በመጨረሻ። «ቱዊሽኑን የምከፍለው እኔ ነኝ። ባል የለኝ፣ ታክሲ የሚነዳልኝ የለኝ። ከሁለታችን አንዳችን እንደምንወድቅ ገባኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እነግርሽ ነበር።»

«ነግረሽኝስ? ቀሪ አልባል ብለሽ ዒድሽን ትሠሪ ነበር። እኔም ገናዬን። ከዚያስ? ከሁለታችን ማንን ይመርጡ ነበር?»

ይኸው እስካሁን አስበዋለሁ። ግን አንድ ነገር ነበር ያልኳት፦ «ገናሽን ለምን አሠራሽኝ ታዲያ?»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ድምጿ ተለወጠ። «እኔ ስሜን ፈርሚልኝ አላልኩሽም። ያንቺን ቀን የጻፍኩት እውነቱን ነው። ውሸት የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ብትናገሪ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።»

አላለችኝም? እውነቷን ነው፤ በቃል ብላኝ አታውቅም። «ነገ ገና ነው» ነው የምትለኝ። እኔ ነኝ ቀሪውን የምጨምርበት።

ጓንቷን አድርጋ ገባች። ምሳ ሊደርስ ነው።

ጁን 5

ሆስፒታል ደወልኩ። ከጁን 30 በፊት አፖይንትመንት የለም። ሰው ከሰረዘ እንደውልልሻለን አሉ። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

ጁን 9

አልደወሉም።

ሱሀይላ ሂሳቡን እንደገና ሠራችልኝ። ሰባት ሰዓት፣ መቶ ሰማንያ አራት ቀን፣ በአሥራ ሁለት ከሃምሳ፦ አሥራ ስድስት ሺህ አንድ መቶ። ይህ የንግስት ነው። «ማም፣ ዋይ አር ዊ ዱዊንግ ኸር ማዝ?» አለችኝ። እውነት ለምንድን ነው?

ጁን 12

አልደወሉም። ከንግስት ጋ በሩ ላይ ስንተላለፍ «ደህና ዋልሽ» እንባባላለን። ሚስ ዶሎሬስ እያለች ደግሞ እንስቃለን።

ጁን 16፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ቀን። ልጆቹ ትሪውን እየወረወሩ ወጡ። አንዲት አንደኛ ክፍል ያለች የኤልሳልቫዶር ልጅ በእርሳስ የሣለችኝን ሰጠችኝ፤ ትልቅ የፀጉር መረብ ያለው ራስና ሁለት እግር ብቻ።

ሚስ ዶሎሬስ ወረቀቱን አምጥታ እዚህ ፈርሚ አለችኝ። የተቀመጠልኝ የሰመር ደመወዝ በአንድ ቼክ ይመጣል፣ የሁለቱ ቀን መቶ ዶላር ተቀንሶ። «በጣም አዝናለሁ ዓይሻ፤ ጎበዝ ነሽ፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ» አለች። የራሴን ስም ፈረምኩ። የንግስትን እንደምፈርመው አላማረም።

ቁልፉን ለንግስት አስረከብኩ። አልተያየንም።

ጁን 19

ሆስፒታሉ ራሱ ደወለ። የተሰረዘ ቀን የተገኘ መሰለኝ። ጁላይ 14 ላይ የተመዘገበው ኢንሹራንስ ከጁን 30 በኋላ እንደማይሠራ ሊያሳውቁኝ ነው። ቀኑን ይሰርዙት ወይስ በራሳችን እንከፍላለን? ዋጋውን ጠየቅኩ። ነገሩኝ። ይሰረዝ አልኩ።

የተሰረዘውን ቀን ደግሞ አንድ ሰው በደስታ ይወስደዋል፤ እኔ እንደጠበቅኩት ሲጠብቅ የነበረ።

ጁን 21፣ እሁድ

ዛሬ ንግስት መጣች።

በሩን ስከፍት ብርቱካን በከረጢት ይዛ ቆማለች። «ጋሼን ልጠይቅ ነው» አለች። ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከበር አይመልሱም። አስገባኋት።

በድረዲን ከሶፋው ሊነሳላት ሲፍጨረጨር «ኧረ አይነሡ ጋሼ፣ በእናትዎ» አለች። ተነሣላት። ደስ ብሎታል። የሰው ናፍቆት አለበት፤ ከመኪናው ወጥቶ የሚያወራው ሰው የለውም። ሻይ አቀረብኩ። ስኳሯን እንደማውቀው ሁለት ማንኪያ አደረግኩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «እኛ እኮ ያንቺን ውለታ አንረሳም። አምስት ዓመት ሙሉ ዒድ በመጣ ቁጥር ሚስቴን አንቺ ባትተኪልኝ ከልጄ ጋር የምትሰግድበት ቀን አልነበራትም። ሁሌ እላታለሁ፤ እህትሽ ናት።»

ንግስት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ። እንዳልነገርኩት ያኔ ነው የገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ። እሱ በደስታ መሰለው።

እኔ ብርቱካን እልጥ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ቤቱ ይገለበጥ ነበር። አልተናገርኩም። ለሷ ብዬ አይደለም። እሱ እህት ናት ያላትን ከሱ ላይ መንጠቅ አቃተኝ። ጉልበቱን ተነጥቋል፤ ይበቃዋል።

ስትነሣ እሱም ተነሣ። ሊፍቱ ከሐሙስ ጀምሮ ተበላሽቷል፤ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን።

«አይውረዱ ጋሼ።»

«እንግዳ ሳልሸኝ?»

«ተው በድረዲን፣ እኔ እሸኛታለሁ» አልኩ። እሱ ግን የእጅ መደገፊያውን ይዞ ጀምሮታል። አንድ ደረጃ፣ ማረፍ። ሌላ ደረጃ፣ ማረፍ። እሷ ከጎኑ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በሱ ልክ እየቆመች። ከላይ ሆኜ አየኋቸው።

ሲመለስ ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ምንም። ታለቅስ ነበር፤ ሥራ ስትለያዩ ከፍቷት ነው። ታች ስንደርስ ‹የዘንድሮ ዒድ መቼ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ሴፕቴምበር ውስጥ፣ እሁድ ይውላል አሉ አልኳት።»

እሁድ። ማንም ማንንም መተካት አያስፈልገውም።

በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቱ ላይ አደረግኩ። ፎጣው የንግስት እንደሆነ ያየሁት በኋላ ነው፤ የዳቦው። ከዚያ ደብተሩን ገልብጬ ከፊት በኩል፣ እሱ ጀምሮ የተወውን ገጽ አወጣሁ።

«ልጻፍልህ፤ ስንት ነው የዛሬው ሕመም?» አልኩት።

«ስድስት በይው።»

ቀኑን ጻፍኩ። ሦስት ፎቅ ወርዶ ወጣ፣ እንግዳ ሊሸኝ ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።